ኦስካር ያላሸነፉት ፊልሞቻችን

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት ለሚያካሂዱት የፊልም ጥያቄና መልስ ውድድር ጥያቄ የማወጣውም የምዳኘውም እኔ ነኝ። ተወዳዳሪዎቹ የተዋናይ ስም በመጥራት የሚስተካከላቸው የለም፤ ወደ ፊልም ታሪክ ስንገባ ግን ማንም ያላጣራው ወሬ እንደ ዕውቀት ይቀርባል፣ ነጥብ ስከለክልም ከተወዳዳሪው አልፎ ደጋፊው ሁሉ ይነሣብኛል።

ከሁሉ ይልቅ የሰለቸኝ «ጤዛ ኦስካር አሸንፏል» የሚለው ነው። አላሸነፈም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ በሚካሄደው ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ ወስዷል። ይህን ያህል ክብር ላገኘ ፊልም ያላገኘውን ሽልማት መጨመር ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። ወሬውን ያባባሰው፣ እንደሚመስለኝ፣ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ በ2021 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሙዚየሙን ሲከፍት ለኃይሌ ቫንቴጅ የተሰኘውን ሽልማት ማበርከቱ ነው። ይህ ግን ሙዚየሙ ለባለሙያው የሰጠው እውቅና እንጂ ለአንድ ፊልም የተሰጠ ኦስካር አይደለም።

የዚሁ ስሕተት ታናሽ ወንድም ደግሞ «ታጭቷል» ነው። እያንዳንዱ አገር በየዓመቱ፣ ቀድሞ የውጭ ቋንቋ ፊልም ይባል በነበረው ዘርፍ፣ አንድ ፊልም መርጦ ለአካዳሚው ይልካል፤ ከተላኩት መካከል በመጨረሻ የሚታጩት አምስት ብቻ ናቸው። «አትሌቱ»፣ «ድፍረት» እና «ላምብ» ከኢትዮጵያ ተልከዋል፤ ከአምስቱ ውስጥ ግን አንዳቸውም አልገቡም። አንድ ተወዳዳሪ ይህን ስነግረው ስልኩን አውጥቶ የአንድ ፊልም ፖስተር አሳየኝና በጣቱ እያሰፋ፣ ከርዕሱ በላይ ያሉትን ሁለት የቅጠል ዝንጣፊዎች «ይኸው!» አለኝ። በቅጠሎቹ መካከል በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ፊልሙ በአንድ ፌስቲቫል ላይ እንዲታይ መመረጡን ብቻ ነበር። አንብቦ ከጨረሰ በኋላም ነጥቡን ጠየቀኝ፤ ጋሼ ማለቱንም አልተወም።

የተላኩት ፊልሞች የራሳቸው ታሪክ አላቸውና እርሱን መያዝ ይበጃል። «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ዳይሬክተሩም ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው፤ አንጀሊና ጆሊ ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰር እንጂ ዳይሬክተርም ተዋናይም አልነበረችም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው።

«የኢትዮጵያ ፊልም የተጀመረው በቪዲዮ ዘመን ነው» የሚሉኝም አሉ። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ35 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ተሠርቶ የወጣው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ «ጉማ» የተሠራው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ በየዓመቱ በቴሌቪዥን የምናየው የጉማ ሽልማት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ፊልም መሆኑን ስነግራቸው የሚገረሙት ብዙ ናቸው። እግረ መንገዴን፣ «ሂሩት» በ1957 ወይስ በ1964 የሚለው ጠብ የዘመን አቆጣጠር ጠብ ብቻ ስለሆነ፣ መልስ ስትሰጡ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተናገሩ።

የውጭዎቹን በአጭሩ ላንሣ። «ዘ ጃዝ ሲንገር» (1927 እ.ኤ.አ.) ሙሉ በሙሉ የሚናገር የመጀመሪያው ፊልም ነው ይባላል፤ ከዘፈኖቹና ከጥቂት ንግግሮች በስተቀር ግን ድምፅ አልባ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገረው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም በ1928 የወጣው «ላይትስ ኦቭ ኒው ዮርክ» ነው። «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» የመጀመሪያው ባለ ቀለም ፊልም አይደለም። የሲኒማ ጀማሪዎች የሆኑት የሉሚየር ወንድማማቾች በታኅሣሥ 1895 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ፊልሞቻቸውን ሲያሳዩ ተመልካቹ በፊልሙ ላይ ከሚመጣው ባቡር ሸሸ የሚባለውም አይሆንም፤ በዚያ ምሽት ከታዩት ዐሥር ፊልሞች መካከል የባቡሩ ፊልም አልነበረም።

ዴንዘል ዋሽንግተንም በምርጥ መሪ ተዋናይነት ኦስካር የተቀበለ የመጀመሪያው ጥቁር አይደለም፤ ሲድኒ ፖይቲየር በ1964 እ.ኤ.አ. ቀድሞታል። እዚህ ላይ 1963 ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ 1963 ፊልሙ የወጣበት ዓመት ነው። ኦስካር የሚሰጠው ያለፈው ዓመት ፊልም ታይቶ በመሆኑ፣ እኔ የምጠይቀው ሥነ ሥርዓቱ የተካሄደበትን ዓመት ነው።