የእንባ ቱቦ ኢንዶስኮፒ የሚገባው በየት በኩል ነው?

ኢንዶስኮፒ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ለጨጓራ የሚዋጠውን ቱቦ ነው። ስለዚህ ሳያለቅስ ዓይኑ እንባ የሚያፈስበት ሰው "የእንባ መውረጃህን በኢንዶስኮፒ እንየው" ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቅ። መስታወት ፊት ቆማችሁ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአፍንጫ በኩል ባለው ጥግ ቀስ ብላችሁ ገልበጥ ብታደርጉት በመርፌ የተወጋች የምትመስል ነጥብ ታያላችሁ፤ የላይኛው ቆብ ላይም አለች። እንባ በዚያች ገብቶ፣ በቀጭን ቦይ ወደ እንባ ከረጢት፣ ከዚያም ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰው ለዚህ ነው።

ግራ የሚያጋባው አንድ ቃል ለሁለት ምርመራ መዋሉ ነው። አንደኛው በአፍንጫ ገብቶ የመንገዱን መጨረሻ አካባቢ ያያል፤ ፖሊፕ (አፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ሥጋ መሰል እብጠት) አለ ወይ፣ አፍንጫው ውስጥ የተጣመመ ነገር አለ ወይ የሚለውን ይለያል። ሁለተኛው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው መሣሪያ በዚያችው ነጥብ ገብቶ ቱቦውን ከውስጥ ያሳያል። ቦታው ደንዝዞ ነው የሚሠራው። ጃፓንና ጀርመን ውስጥ በደንብ ይሠራበታል፤ በየሆስፒታሉ የሚገኝ ግን አይደለም።

"መንገዱ ክፍት መሆኑን ለማየት በነጥቧ በኩል ጨዋማ ውኃ ተረጭቶልኝ ነበር እኮ፣ ይሄ ደግሞ ለምን?" ጥሩ ጥያቄ ነው። ጨዋማው ውኃ ጉሮሮ ላይ ከተቀመሰ መንገዱ ክፍት ነው፤ ወደ ዓይን ከተመለሰ ተዘግቷል። በምን እንደተዘጋ ግን አይናገርም። ጠጠር ይሁን፣ ጠባሳ ይሁን፣ እብጠት ይሁን በኢንዶስኮፒ ሲታይ ይበልጥ ይለያል። እንባው ደም ከቀላቀለ ደግሞ እባካችሁ ምርመራውን አታዘግዩ።