ባላገር አያትን ፍለጋ፦ የገበሬ ታሪክ የት ይገኛል?

በኢትዮጵያ ደጋ ገጠር የኖረ ገበሬን ታሪክ መፈለግ በአብዛኛው መሬቱን መፈለግ ነው። የልደት ወረቀት የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት እንዲመዘገብ አንቀጾች ነበሩት፤ ግን ሥራ ላይ ሳይውሉ ቀሩ። አገር አቀፍ ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ከሽማግሌ አፍ ነው።

የቤተሰብ ስም የሚባል ነገርም የለንም። የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል። በአንድ ስም ተነስቶ ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም፤ ሐረጉን አንድ በአንድ መቁጠር ግድ ነው። ወሎ ላይ ደግሞ በአንዱ ቤት ሐረግ ውስጥ የክርስቲያንና የሙስሊም ስም ተቀላቅሎ ቢገኝ አይግረማችሁ። የተለመደ ነው።

ሰው ግን ለምን ይቆጥር ነበር? ዋናው ምክንያት ርስት ነው። በጎጃምና በጎንደር አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን አስረድቶ ነበር። ይሄ ሰው ዋና አባት ወይም አቅኚ አባት ይባላል። ድርሻው በልጆቹ፣ ማለትም በምንዝር አባቶች ይከፈል ነበር። በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም መጠየቅ ይቻል ነበር። ስለዚህ አያቱን የሚፈልግ ሰው የአያቱን እናት አገርም መርገጥ አለበት። ብዙ ሰው ይሄን ይዘላል፤ ግማሽ ታሪኩ እዚያ ይቀራል።

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባል የለ? ሙግት በተነሳ ቁጥር አንዱ ወገን ትውልዱን ይቆጥር፣ ሌላው ያፈርስ ነበር። ሽማግሌው የነገረን ሐረግ እንዲህ ሲፈተን የኖረ ነው። ይሄ ጥንካሬው ነው። ድክመቱም ከዚያው ይመጣል። ሳይወልድ የሞተው፣ አገር ጥሎ የሄደው፣ በሙግት የተረታው ከቆጠራው ይወጣል። እኔ እንደሚመስለኝ ሽማግሌን «ማን ወለደህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ከወንድሞቹ ማን ሄደ? ለምን ሄደ?» ማለት ያስፈልጋል። የደሃው አያት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

ወረቀት ከተገኘ በመጀመሪያ የሚገኘው የግብር ደረሰኝ ነው። ከጣሊያን መውጣት በኋላ መሬት ለም (የታረሰ)፣ ለም ጠፍ (ከፊሉ የታረሰ) እና ጠፍ (ያልታረሰ) ተብሎ ተመድቦ በጋሻ ይገበርበት ነበር። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል። ደረሰኙን በጨርቅ ጠቅልለው ከሣጥን ሥር የሚያኖሩ እናቶች ዛሬም አሉ። ስታዩት ግን ስሙን ቶሎ አትመኑት። በርስት አገር ግብሩ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በቀደመው አባት ስም ነበር። ለዘመዱ ሁሉ ሰብስቦ የሚያስገባው ፈጅ ነበር። ደረሰኙ ላይ ያለው ሰው ከሞተ ብዙ ዘመን ሊሆነው ይችላል፤ በእጁ ያረሰው፣ ከኪሱ ያወጣው ሰው ስሙ የለበትም።

ርስት የሌለው ሰውስ? ጭሰኛው ከምርቱ በእርቦ (ሩብ)፣ በሲሶ ወይም በእኩል ያርስ ነበር። ውሉ በአብዛኛው የቃል ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ አሽከሩ፣ እረኛው፤ እነዚህን ማን ጻፋቸው? አንዳንድ ቤት እንደውም ሆን ተብሎ ይደበቃሉ። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ሽማግሌ ድንገት ዝም ካለ ዝምታውን ማክበር፣ ሌላ ቀን በእርጋታ መመለስ ነው የሚሻለው። ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤሎች ደግሞ ለመሬት ሳይሆን ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። ዛሬ እስራኤል ያሉ ሽማግሌዎቻቸው ያንን ቆጠራ ይዘውት ሄደዋል።

ዕድሜን በተመለከተ ቁጥር አትጠይቁ። ከምን በኋላ፣ ከምን በፊት እንደሆነ ጠይቁ። ለምሳሌ «አባታችን በኅዳር በሽታ ጡት ይጠባ ነበር» ይሏችኋል። የኅዳር በሽታ የተባለው የጉንፋን ወረርሽኝ ኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው። «የተወለደውስ በዘመነ ማርቆስ ነው» ካሉ ነገሩ አለቀ። ዓመታት በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ተራ ይጠራሉ፤ 1911 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ማርቆስ 1910 ላይ ይውላል። ሰውየው የተወለደው በ1910 ዓ.ም. ነው። በሁለት ዓረፍተ ነገር የልደት ዘመን ተገኘ! ክፉ ቀን (ታላቁ ረሃብ)፣ አድዋ፣ የሰገሌ ጦርነት፣ የጣሊያን መግባት እንደዚሁ ያገለግላሉ።

ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው የክርስትና ስሙን ይዞ ይሂድ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን የተጠሩበት ስም ነው በጸሎት የሚነሳው። በብራና ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ሽያጭና ስጦታ የተጻፈበት ደብር አለ፤ ግን በብዛት ያሉት የመኳንንትና የካህናት ስሞች ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይገኛሉ። እዚያ አካባቢ ያለ ሀበሻ ቢሞክር አይጎዳም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ጭሰኛ የነበረውም በገበሬ ማኅበር በስሙ ተመዘገበ፤ ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው ጽሑፍ ያ ነው። በሌላ በኩል ትውልድ ቆጥሮ መሬት ማግኘት ቀረ፣ ቆጠራውም እየላላ ሄደ።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልልና በሌሎች የመሬት ይዞታ ደብተር ተሰጠ። በትግራይ መጀመሪያ የወጣው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር፤ በአማራው ደብተር ላይ ግን የባልና የሚስት ስም አብሮ ይገኛል። የአዋሳኞችን ስም ተመልከቱ። መሬት ለወንድማማቾች ተከፍሎ ስለሚወርድ አዋሳኙ ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው። ደብተሩን ይዛችሁ፣ ሽማግሌውን አስቀድማችሁ ድንበሩን ዙሩ። ቤት ተቀምጠው የረሱትን ስም ማሳው ዳር ሲደርሱ ያስታውሱታል።