ፓምፑን ለማዞር ስንት ቶርክ (የማዞሪያ ኃይል) ያስፈልጋል?

አዳማ ጋራዥ ውስጥ የገልባጭ መኪና ሳጥን የሚያነሳው የሃይድሮሊክ ፓምፕ ሲቀየር «ዙሩ ከጨመረ ቶርኩም ይጨምራል» የሚል አይጠፋም። አይጨምርም። ቶርኩን የሚወስኑት ፓምፑ በአንድ ዙር የሚገፋው ዘይትና የሚሠራበት ግፊት ናቸው። ሲሲውን (በአንድ ዙር የሚገፋውን ዘይት) በባር (በግፊቱ) አባዝታችሁ ለ62.8 አካፍሉ (የ2 ፓይ 10 እጥፍ መሆኑ ነው)፤ መልሱ በኒውተን ሜትር ይመጣል። ባለ 20 ሲሲ ፓምፕ በ150 ባር 48 ገደማ ይፈልጋል። ሰበቃ የሚበላውም አለ፤ ሜካኒካል ብቃቱ 90 በመቶ ከሆነ ለ0.9 ስታካፍሉት 53 ይደርሳል።

ዙር የሚገባው ኪሎዋት ስታሰሉ ነው፦ 53 በ1500 ዙር በደቂቃ ተባዝቶ ለ9550 ሲካፈል 8.3።

ግፊቱን የሚያመጣው ደግሞ ጭነቱ ነው። ባዶ ሳጥን ሲነሳ ጌጁ ባሳየው አታስሉ፤ ሪሊፍ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ዘይቱን የሚያስተነፍሰው) በሚከፍትበት ግፊት አስሉት።