ረጅም የውድድር ካዝና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሽጉጥ ውድድር የሚወዱ ሰዎች ስለ በርሜልና ስለ ቃታ ሲያወሩ ይውላሉ። ውድድር የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ጥይት የሚሞላበት ካዝናው ነው፤ በተለይ ረጅሙ። እዚህ የማነሳው አሜሪካ ውስጥ ዩኤስፒኤስኤ በሚባለው ማኅበር ሥር የሚካሄደውን ውድድርና እዚያ በብዛት የሚታዩትን 2011 የሚባሉ ሽጉጦች ነው።

ውጤቱ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ ያገኛችሁት ነጥብ ለፈጀባችሁ ሴኮንድ ይካፈላል። 32 ጥይት በሚጠይቅ ስቴጅ (አንድ የውድድር ዙር) ሁሉንም መሃል ላይ ብትመቱ 160 ነጥብ ታገኛላችሁ። በ20 ሴኮንድ ከጨረሳችሁ ውጤቱ 8 ነው። ሽጉጡ አንዴ ነክሶ (ጥይት ተቀርቅሮበት) 4 ሴኮንድ ቢበላባችሁ ወደ 6.67 ይወርዳል። አንድም ዒላማ ሳትስቱ ይህን ያህል ታጣላችሁ። ለዚህ ነው ስለ ካዝና የሚወራው የተሳሳተ ነገር የሚያንገበግበኝ።

«ብዙ ጥይት የሚይዘው ሁልጊዜ ይሻላል»

ኦፕን በሚባለው ዲቪዥን (የውድድር ምድብ) የተገደበው የካዝናው ርዝመት ነው፤ ከ171.25 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በሊሚትድ፣ በኬሪ ኦፕቲክስና በሊሚትድ ኦፕቲክስ ደግሞ 141.25 ሚሊ ሜትር ነው። ርዝመቱ ከተገደበ አምራቾች የሚፎካከሩት በዚያው ቦታ አንድ ጥይት ጨምሮ በመጠቅጠቅ ነው። በ9 ሚሊ ሜትር ጥይት አጭሩ ካዝና 23 ገደማ ይይዛል፤ የኦፕኑ ከ28 እስከ 30 ገደማ።

ችግሩ ያለው የመጨረሻዋ ጥይት ላይ ነው። እሷ ስትገባ ሞላው መጨረሻው ድረስ ይታመቃል። ከዚያ በኋላ ወደ ታች የሚሸሽበት ቦታ የለም። ስላይዱ (ሽጉጡ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ክፍል) ተዘግቶ ሳለ ካዝናውን ስታስገቡት ከላይ ያለችው ጥይት ስላይዱን ትገፋለች፣ ካዝናውም በትክክል አይቆለፍም። ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነው፦ ሮጣችሁ የመጀመሪያውን ጥይት ስትተኩሱ ካዝናው መሬት ላይ ይወድቃል።

ስትገዙ በቁጥሩ አትማረኩ። ካዝናውን ሙሉ አድርጋችሁ የላይኛዋን ጥይት በአውራ ጣት ተጫኗት። ትንሽ መውረድ አለባት። ከዚያ ተኩስ ሜዳ ላይ፣ አፈሙዙ ወደ ዒላማው አቅጣጫ እያለ፣ ስላይዱ ተዘግቶ በተለመደው የእጅ ኃይል አስገቡት። «ቀጭ» ብሎ ካልተቆለፈ አንድ ቀንሱ። ደግሞም ሒሳቡን አስቡት፤ የአንድ ስቴጅ ከፍተኛው የጥይት ብዛት 32 ነው። 22 ይዛችሁም 23 ይዛችሁም 32ቱን ለመጨረስ አንድ ጊዜ ካዝና መቀየራችሁ አይቀርም። ያቺ አንድ ጥይት ያን ያህል አትጠቅምም።

የታች ክዳን ለብቻው ገዝታችሁ የምትገጥሙ ከሆነ የካዝናውን ጠቅላላ ርዝመት ራሳችሁ ለኩ። ዳኞች በመለኪያ ይፈትሻሉ። ከ141.25 ካለፈ ወደ ኦፕን ትዛወራላችሁ፤ እዚያ ደግሞ የምትወዳደሩት ለዚያው ተብሎ ከተሠራ ሽጉጥ ጋር ነው። በዓለም አቀፉ ማኅበር፣ በአይፒኤስሲ፣ ስታንዳርድ ዲቪዥን የምትተኩሱ ከሆነ ሽጉጡ ከነካዝናው መጠኑ በሚፈተሽበት ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። የአሜሪካው 141.25 ሚሊ ሜትር ድረስ የሚደርሰው ካዝና እዚያ ስለማይሆን ወደ 126 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ይጠቀማሉ።

«የስፖርት ዕቃ ስለሆነ ሕጉ አይመለከተውም»

ይመለከተዋል። ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ አዲስ ካዝናን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ከ1994 እስከ 2004 (እ.ኤ.አ.) ቆይቶ አብቅቷል። የክፍላተ ሀገራቱ ሕግ ግን ለየብቻ ነው። የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት ሜሪላንድ ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥና መግዛት አይቻልም። ሲያትል ያላችሁም ልብ በሉ፤ ዋሽንግተን ስቴት ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች። የኮሎራዶ ገደብ 15 ነው። «ለውድድር ነው» ማለት በራሱ ፈቃድ አይሆንም። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ በፌዴራል ሕግ መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ አይችልም። ሕጉ ስለሚቀያየር ከማዘዛችሁ በፊት የምትኖሩበትን ስቴት አጣሩ።

«ሙሉ ሆኖ ከተቀመጠ ሞላው ይሞታል»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ለተለመደው የሽጉጥ ካዝና ብዙም አያሳስብም። በአግባቡ የተሠራ ሞላ በተነደፈለት ልክ ታምቆ ቢቀመጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ይበልጥ የሚያደክመው መታመቅና መዘርጋቱ ነው። ረጅሙ የውድድር ካዝና ግን ሞላውን እስከ ጥጉ ይገፋዋል። እንዲህ የታመቀ ሞላ ለወራት ሲቀመጥ ቁመቱ እያጠረ፣ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹን ጥይቶች ቶሎ ወደ ላይ ማድረስ ያቅተዋል፣ ስላይዱ ቀድሟቸው ያልፋል። ከውድድር በኋላ ካዝናውን ባዶ ማድረግ ምንም አያስከፍልም። ሞላውን ስትቀይሩም ክሮም ሲሊከን ከሚባለው ሽቦ የተሠራውን ብትመርጡ በእንዲህ ዓይነት መታመቅ የተሻለ ይጸናል።

«ወፍራም ብረት ከሆነ አይበላሽም»

የካዝና ዕድሜ የሚወሰነው በአፉ ነው። ጥይቱን አቅፈው የሚይዙት ሁለቱ የላይኛው ጠርዞች ናቸው ወሳኞቹ። በ2011 ካዝና ውስጥ ጥይቶቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው ይመጡና ላይ ሲደርሱ ወደ አንድ ረድፍ ይጠባሉ። መፋተጉ የሚበዛው እዚያ ነው። ስትቀይሩ የጣላችሁት ካዝና፣ ጥይት እንደቀረበት፣ በአፉ ኮንክሪት ላይ ከወደቀ ጠርዙ በዓይን በማይታይ መጠን ሊጣመም ይችላል። ጠርዙ ሲከፈት ጥይቷ ከፍ ብላ ትቀመጣለች፤ አንዳንዴም ያለጊዜዋ ታመልጣለች። ሲጠብ ዝቅ ትልና አፍንጫዋ የበርሜሉን መግቢያ ይገጫል። ብረት ከተጣመመ በራሱ አይመለስም።

መፍትሔው ካሊፐር የሚባለው መለኪያ ነው። ካዝናው አዲስ ሳለ የአፉን ስፋት ፊትና ኋላ ለኩና ጻፉት። ክፉኛ በወደቀ ቁጥር እንደገና ለኩት። «ፕላስቲክ» እየተባለ የሚናቀው የግሎክ ካዝናም ቢሆን ውስጡ የብረት ሽፋን አለው፤ ጥይቱን የሚይዘውም ብረቱ ነው። በውድድርም ብዙ ሰው ይተማመንበታል።

«ዘይት ብትቀቡት ይፈጥናል»

አትቀቡት። ዘይት አቧራና የባሩድ ጥላሸት ይሰበስባል። በብሩሽና በደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ሞላው ተፈናጥሮ እንዳይመታችሁ ስትፈቱት መነጽር አድርጉ።

«የሽጉጡ ፋብሪካ ስም ያለበት ወይም ውድ የሆነው አይነክስም»

ለ2011 ጥሩ የሚባል ካዝና ከ100 ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ገንዘቡ የተስተካከለ አፍና ጥሩ ሞላ ይገዛላችኋል፤ ከእናንተ ሽጉጥና ከእናንተ ጥይት ጋር መስማማቱን ግን ማንም አስቀድሞ አያረጋግጥላችሁም። የፋብሪካ ስምም ሁሉንም አይነግርም። ለምሳሌ ሜክ-ጋር የሚባለው የጣሊያን ድርጅት ለቤሬታ፣ ለሲግና ለሲዜድ ካዝና ይሠራል። ሌላ ስም የታተመበት ካዝና ከሱ ፋብሪካ የወጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ካዝናችሁን ቁጥር ስጡት። ክዳኑ ላይ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ በቀለም ጻፉ። ሽጉጡ በነከሰ ቁጥር የትኛው ቁጥር እንደነበረ መዝግቡ። ቁጥር 3 ብቻ እየነከሰ ሌሎቹ የሚሠሩ ከሆነ ሽጉጡን ወደ ባለሙያ መውሰድ አያስፈልግም፤ ችግሩ ካዝናው ነው። ሁሉም የሚነክሱ ከሆነ ግን ሽጉጡን ወይም ጥይቱን ፈትሹ። ይህን ቀላል ነገር ስለማያደርጉ ጤነኛ ሽጉጥ የሚያስፈታቱ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል።

«አንዴ ከሠራ ይሠራል»

ሞላው የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ከአዲሱ ጎን አቁማችሁ ስታዩት በግልጽ ካጠረ ቀይሩት። ገፊው (ሞላው ላይ ተቀምጦ ጥይቶቹን ወደ ላይ የሚገፋው ክፍል) ከተሰነጠቀም እንዲሁ። የሚቻላችሁ ከሆነ የልምምድና የውድድር ካዝናችሁን ለዩ፤ ጠጠር ላይ የሚንከባለለው የልምምዱ ይሁን። ሞላውና ገፊው ተቀይሮለት፣ አፉም ተለክቶ፣ አሁንም የሚነክሰውን ግን ለልምምድም አታስቀሩት። እንዳይምታታባችሁ ክዳኑን አውልቁና ቱቦውን (የካዝናውን አካል) ጣሉት።