«የፊተኞቹስ?» ስለ ማጣት ታሪኮች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ክረምት እዚህ ባሕር ዳር፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ አንዲት እናት ጎልማሳ ልጇን ቀበረች። በሠልስቱ ማግስት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠናል። ንፍሮው ይዞራል፣ ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጠጋ አሏትና «አይዞሽ ልጄ፣ ኢዮብም አሥር ልጆቹን አጥቶ ነበር፤ እግዚአብሔር መልሶ ሰጠው» አሏት።

ቀና ብላ አየቻቸው። «የፊተኞቹስ፣ ጋሼ? እነሱስ ተመለሱ?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። ክፉ አስበው አልነበረም። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ሁላችንም አንድ ታሪክ ይዘን ነው የምንሄደው። ብዙውን ጊዜ ግን ታሪኩን አጣመን ይዘነዋል። ጥያቄዋ እንቅልፍ ቢነሳኝ የማውቃቸውን ታሪኮች እንደገና ማንበብ ጀመርኩ።

«ኢዮብ ያጣው ሁሉ ተመልሶለታል»

ያልተመለሰለት አለ። ቁጥሩን ቀስ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ላይ 7,000 በጎች፣ 3,000 ግመሎች፣ 500 ጥማድ በሬዎችና 500 አህዮች ነበሩት። በመጨረሻው ምዕራፍ፣ በ42ኛው፣ በጎቹ 14,000፣ ግመሎቹ 6,000፣ በሬዎቹ 1,000 ጥማድ፣ አህዮቹም 1,000 ሆኑ። ሁሉም ልክ እጥፍ ነው። ልጆቹስ? በፊት 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ነበሩ። በኋላም 7 ወንዶችና 3 ሴቶች።

ይህን ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ። ከብቱን አንድ በአንድ እጥፍ ያደረገው ጸሐፊ ልጆቹ ላይ ሲደርስ ቆመ። የፊተኞቹ በእግዚአብሔር ዘንድ ስላሉ ነው፣ ሲደመሩ ሃያ ናቸው ብለው የሚተረጉሙ መምህራን አሉ። ያቺ እናት ይህን ትርጓሜ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም የፊተኞቹን ከቁጥር አያወጣቸውም። ጎረቤቶቿ ግን የነገርናት የኋለኞቹን ብቻ ነበር።

ሌላም አለ። የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሊያጽናኑት መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድ ቃል አልወጣቸውም። ያን ጊዜ ደህና ለቀስተኞች ነበሩ። ችግሩ የመጣው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ለመከራው ሁሉ ምክንያት አገኙለት፤ «በድለህ ቢሆን ነው» አሉት። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በእነሱ ላይ ነው። ስለ እርሱ ቅን ነገር አልተናገሩምና። ሲጮህና ሲሟገት የከረመው ኢዮብ ግን ለእነሱ እንዲጸልይላቸው ተደረገ።

«ዋናው ትምህርቱ ነው፤ ታሪኩ ማሸጊያ ነው»

ይሄኛው ትምህርት ቤት የለመድነው ነው። ታሪኩ ተነቦ ሳያልቅ «ከዚህ ምን እንማራለን?» ይባላል።

ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮን ካስገደለ በኋላ ነቢዩ ናታን ወደ እሱ ገባ። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ላይ ነው። ናታን ወቀሳውን አላስቀደመም። ስለ አንድ ድሃና ስለ አንዲት ትንሽ በጉ አወራ። ከእንጀራው ትበላ ነበር፣ ከዋንጫው ትጠጣ ነበር፣ በብብቱ ትተኛ ነበር፤ እንደ ልጁም ነበረች። ባለጠጋው ጎረቤት እንግዳ መጣበት። ከራሱ መንጋ መውሰድ ሳሳና የድሃውን በግ አረደ። ዳዊት ይህን ሲሰማ በቁጣ ነደደ። «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ዋንጫዋንና ብብቷን አውጡና ታሪኩን ንገሩ። ዳዊት አይቆጣም። ባይቆጣ ኖሮ ደግሞ ያ ፍርድ በራሱ ላይ መሆኑ አይገባውም ነበር። በጓ በመታረዷ ቅር ያላለው ሰው ትምህርቱ ጋ አይደርስም።

የቅኔ አገር ሰዎች ሆነን እንኳ ይህን እንስታለን። ሰምና ወርቅ ሲባል ሰሙ ተጥሎ ወርቁ የሚያዝ ይመስለናል። ስያሜው የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ መጀመሪያ በሰም ይሠራል። ከዚያ በጭቃ ይለብጠዋል። በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። በሰሙ ላይ የነበረች ትንሽ ጭረት ሳትቀር ወርቁ ላይ ትወጣለች። አንጥረኛው ሰሙ ላይ ከቸኮለ ወርቁ ተበላሸ ማለት ነው።

«በላዔ ሰብእ በጥርኝ ውኃ ዳነ፤ እንግዲህ ኃጢአት ቀላል ነው»

ይህን ለመናገር ጀልባ መሳፈር ያስፈልጋል። ከባሕር ዳር ወደብ ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከጀልባው ወርዳችሁ በቡና ዛፎቹ መሃል ሽቅብ ስትወጡ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ታገኛላችሁ፤ ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ። የበላዔ ሰብእ ሥዕል እዚያ አለ። ጎብኚ ፊቱ ቆሞ ትንሽ ይስቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ያልፋል። ትንሽ ብትቆዩ ደስ ይለኛል።

ታሪኩ ከተአምረ ማርያም ነው። በላዔ ሰብእ 78 ሰዎች በላ፤ ቤተሰቡንም ጭምር። አንድ ቀን በውኃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም መንገድ ላይ አገኘው። ለምጻሙ በሌላ ስም ሲለምነው እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት በአንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላ ወገን ያቺ ጥርኝ ውኃ ተመዘኑ። በእመቤታችን ምልጃ ውኃዋ ከበደች።

«ታዲያ ለሟቾቹ ማን አዘነ?» ብለው የሚቆጡ ወጣቶች አጋጥመውኛል። ቁጣቸውን እወደዋለሁ። ከታሪኩ ግን የዘለሉት ነገር አለ። ታሪኩ «ብዙ ሰው በላ» ብሎ አላለፈም፤ 78 ብሎ ቆጠረ። ምሕረትን አርክሶ ሊሸጥ የፈለገ ሰው የሟቾቹን ቁጥር በአማኞች ጆሮ ውስጥ በየዓመቱ አያስነብብም። የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የካቲት 16፣ ታሪኩ ሲነገር 78ቱም አብረው ይነሳሉ። ደግሞ ውኃዋ በራሷ ክብደት ብትመዘን ኖሮ አትደፋም ነበር። ታሪኩ ውኃ ለ78 ሰው ዋጋ ይበቃል አላለም። የማይበቃ መሆኑን አምኖ ነው ሌላ እጅ ሚዛኑ ላይ ያኖረው።

«የጠፋው ልጅ አንድ ነው»

በሉቃስ ምዕራፍ 15 ከ100 በጎች አንድ ጠፋ፣ ከ10 ድሪም አንድ ጠፋ፣ ከሁለት ልጆች አንዱ ሄደ። እኛ እዚያው ሄዶ በመጣው ላይ እንቀራለን። ታሪኩ የሚያልቀው ግን ከታላቁ ጋር ነው። ሙዚቃ ሰምቶ ተቆጥቶ ውጭ ቆሟል፤ አባትየው ወጥቶ ይለምነዋል። ገባ ወይስ አልገባ? አልተጻፈም። ምሳሌው የተነገረውም ኢየሱስ ኃጢአተኞችን ይቀበላል ብለው ላጉረመረሙት ፈሪሳውያንና ጻፎች ነበር። መልሱ ለእነሱ ተተወ።

ልብ ወለድም ላይ ተመሳሳይ ስህተት አለ። መጨረሻው ሞት ከሆነ «ተስፋ ያስቆርጣል» ይባላል። የአገራችንን የጎጃምን ሕይወት የያዘው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከወጣበት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ የሚሉት አልጠፉም። ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ግን ማን ለያቸው? አባትየው የዘር ሐረግ ቆጠሩ፣ ለልጃቸው የሚመጥን ሰው አጡ። ያንን ኩራት አይቶ የሚናደድ አንባቢ ተስፋ የቆረጠ አንባቢ አይደለም።

«ምክር የሌለው ለቅሶ ባዶ ነው»

የሙሾ አውራጆችን አፍ ያዳመጠ እንዲህ አይልም። ጥሩ አልቃሽ አትመክርም። የሟቹን አረማመድ፣ በቅሎውን፣ ለእንግዳ እንዴት ይነሳ እንደነበር ታነሳለች። ሰዉ የሚያለቅሰው እዚያ ጋ ነው።

የዚያች እናት ልጅ አርባ ሲወጣ ሄድኩ። ሽማግሌውም መጥተዋል። ስለ ኢዮብ አላነሱም፤ አጠገቧ ቁጭ አሉ። አብሮት ባጃጅ ይነዳ የነበረ ወጣት መናገር ጀመረ። ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ ሲበሉ፣ ልጇ አጥንቱን በሳህኑ ዙሪያ በሥርዓት ይደረድር ነበር አለ። አንድም አጥንት አይሰብርም። ሲጨርስ ሳህኑን አዙሮ «እዩት፣ ቁጠሩት» ይላቸው ነበር።

እናትየው ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች።

«ቤትም እንዲህ ነበር» አለች። «በል እስቲ ድገመው።»

ወጣቱ ከመጀመሪያው ጀመረላት።