«ትክክለኛው ክላሲካል» የቱ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያኖ አስተምራለሁ። በሳምንቱ ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እዞራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ማታ ደግሞ ቨርጂኒያ ላሉ የሐበሻ ልጆች በኢንተርኔት። በቅርቡ የአንድ ተማሪዬ እናት ደወሉልኝ። ልጃቸው ከጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ከባህ ቁራጭ ቀጥሎ ትዝታ ሲለማመድ ሰምተውት ነው። «መምህር፣ እኔ የምከፍለው ትክክለኛውን ክላሲካል እንዲማር ነው» አሉኝ፣ በትህትና ግን ጠንከር አድርገው። በስልክ የቻልኩትን አስረዳሁ። አንጀቴ ግን አልራሰም። እሳቸው ያሉትን ከሌሎች ወላጆች፣ ከጎልማሳ ተማሪዎች፣ አንዳንዴም ከሙዚቀኛ ጓደኞቼ በሌላ በሌላ መልክ እሰማዋለሁና፣ ደጋግሞ የሚመጣውን አንድ በአንድ ላንሳው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አመለካከት፦ «ክላሲካል ማለት ኖታው ላይ ያለውን እንዳለ መጫወት ነው»

እስቲ ኖታው ላይ ምን እንዳለ እንይ። ባህ በ1722 ካዘጋጀው የፕሪሉድና የፉጋ መድበል የመጀመሪያዋን፣ የሲ ሜጀር ፕሪሉድን ውሰዱ። ጀማሪ ሁሉ የሚወዳት ቁራጭ ናት። ሁለቱ እጆች እየተቀባበሉ ኮርዱን፣ ማለትም አብረው የሚሰሙትን ድምፆች፣ በትነው፣ ድምፅ በድምፅ ያንቆረቁሩታል። በምን ፍጥነት? ባህ አልጻፈም። ጮክ ተብሎ ወይስ ለስለስ? አልጻፈም። በየትኛው መሣሪያ? ያለው «ክላቪየር» ነው፣ ያ ደግሞ ባለ ቁልፍ መሣሪያን ሁሉ የሚጠራ ስም ነው። ዛሬ ሳሎን ውስጥ የምናየው ዓይነት ፒያኖ ገና አልነበረም።

ታዲያ ተማሪዎቼ ይዘውት በሚመጡት መጽሐፍ ላይ «ቀስ በቀስ አጉላ»፣ «እዚህ ጋ ዝቅ በል» የሚሉት ምልክቶች ከየት መጡ? ኋላ የመጡ አሳታሚዎችና አስተማሪዎች ናቸው የጨመሯቸው። የቤቶቨን ተማሪ የነበረው ቼርኒ በ1830ዎቹ ይህንኑ መድበል ሲያዘጋጅ የራሱን ፍጥነትና የራሱን ምልክት አስገብቶበታል። ከዚህም አልፎ፣ በአንዳንድ እትሞች ላይ ባህ ያልጻፋት አንዲት ሙሉ ባር (ኖታው ላይ በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለች ክፍል) አለች። ከ22ኛው ባር ቀጥላ ትገባለች፣ የምትጠራውም ሽቬንከ በተባለ ሙዚቀኛ ስም ነው። ፈረንሳዊው ጉኖ በ1853 በዚህች ፕሪሉድ ላይ ዜማ ሲደርብ የተጠቀመው ይህች ባር ያለችበትን ቅጂ ነበር። ያ ዜማ ነው ኋላ «አቬ ማሪያ» ሆኖ በየአገሩ ሰርግ ላይ የሚዘመረው። በየሰርጉ የሚሰማው ሰው ሁሉ ባህ ያልጻፋትን ባር አብሮ ይሰማል ማለት ነው።

ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ ደግሞ የባህን ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ በስቱዲዮ ሁለት ጊዜ ቀድቶታል። በ1955 ሲቀዳው 38 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። በ1981 ሲቀዳው 51 ደቂቃ። ሰውየው ያው፣ ኖታው ያው። የመክፈቻዋ አሪያ ብቻዋን ከ2 ደቂቃ በታች የነበረችው 3 ደቂቃ ገደማ ሆነች። ለተማሪዎቼ ሁለቱንም አሰማቸዋለሁ። «የቱ ነው ልክ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ «ለምን ቀየረው?» ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ትምህርት የሚጀምረው።

አመለካከት፦ «በጆሮ መማር ለባህል ሙዚቃ ነው፤ ክላሲካል በኖታ ብቻ ነው የሚማሩት»

ጃፓናዊው ሺኒቺ ሱዙኪ በ1920ዎቹ በርሊን ሄዶ ቫዮሊን የተማረ ሰው ነው። አገሩ ተመልሶ ልጆች ማስተማር ሲጀምር አንድ ቀላል ነገር ገረመው፦ የጃፓን ልጅ ሁሉ ጃፓንኛ ይናገራል። ማንም ልጅ አፉን የሚፈታው ፊደል ቆጥሮ አይደለም፤ ሰምቶ፣ ደጋግሞ፣ ቤተሰቡ እሰይ እያለው ነው። ፊደሉ ኋላ ይመጣል። ሱዙኪ ቫዮሊንንም በዚሁ መንገድ አስተማረ። ልጁ የሚማረውን ቁራጭ በየቀኑ ቤት ውስጥ ይሰማል፣ እናት ወይም አባት ትምህርቱ ላይ አብረው ይቀመጣሉ፣ ኖታ ማንበብ ጣትና ጆሮ ከተግባቡ በኋላ ይከተላል። የሚማሩት እነባህንና እነቪቫልዲን ነው። ዘዴው ዛሬ ዓለምን አዳርሷል።

እኔ ስለ ሱዙኪ ሳነብ ትዝ ያለኝ የድጓ ትምህርት ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት አለው፤ ድፋት፣ ጭረት፣ ይዘት፣ ቅናት፣ ርክርክ እያልን የምንጠራቸው ምልክቶች አሉ፣ ከቃላቱ በላይ የሚጻፉ ጥቃቅን ፊደላትም አሉ። ግን እነዚያ ፊደላት ዜማውን ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግሩትም። ተማሪው አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በቃሉ የያዘውን የዜማ ሐረግ ነው የሚያስታውሱት። መምህሩ ይመራል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ዓመታት እንዲህ ያልፋሉ። ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ በድጓ የሚመሰክር ሰው የጽሑፍ ምልክትም አለው፣ ጆሮም አለው፣ አንዱ ሌላውን አይተካውም። ይህን የመሰለ የማስተማር ጥበብ በቤታችን እያለ፣ ልጅን ከመጀመሪያው ቀን አምስቱ የኖታ መስመሮች ፊት ገትሮ ማስጨነቅ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። እኔም መጀመሪያ አካባቢ እንደዚያ ነበር የማስተምረው። ሦስት ወር ሙሉ ኖታ ብቻ። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ተሰላችተው ትተውኛል፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

አመለካከት፦ «የተጻፈውን ለሌላ መሣሪያ መቀየር ማበላሸት ነው»

ባህ ራሱ ቀያሪ ነበር። ቪቫልዲ ለአራት ቫዮሊን የጻፈውን ኮንቸርቶ ወስዶ ከፒያኖ በፊት ለነበረው ባለ ቁልፍ መሣሪያ፣ ለአራት ሃርፕሲኮርድ አድርጎታል። ሞዛርት በ1789 የሄንደልን «መሲሕ» ለዘመኑ ጆሮ እንዲስማማ ተጨማሪ የትንፋሽ መሣሪያዎች አስገብቶ እንደገና አቀናብሮታል። ፒያኒስቱ ሊስት የቤቶቨንን ዘጠኙንም ሲምፎኒዎች ለአንድ ፒያኖ ገልብጧል። ሸክላ ባልነበረበት ዘመን ኦርኬስትራ የሌለው ከተማ ቤቶቨንን የሚሰማው እንዲህ ነበር። ሙሶርግስኪ በ1874 ለፒያኖ የጻፈውን «የኤግዚቢሽን ሥዕሎች» አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ራቬል በ1922 ለኦርኬስትራ ባቀናበረው መልክ ነው፤ «የድሮው ግንብ» የምትባለው ክፍል ላይ ሲደርስ ዜማውን የሰጠው ለሳክስፎን ነው፣ ሙሶርግስኪ ያላሰበው ድምፅ፣ ግን ልብ ይነካል። በ1968 ደግሞ ዌንዲ ካርሎስ ባህን ሙግ ሲንተሳይዘር በተባለ፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር መሣሪያ ተጫውታ ባህን ሰምቶ የማያውቅ ወጣት ሁሉ ገዝቶላታል።

የሚበላሽ የለም ማለቴ አይደለም። ለልጅ ይቅለል ተብሎ የግራ እጁን ክፍል ቆርጠው ጥለው ዜማውን ብቻ የሚያስቀሩ መጻሕፍት አሉ፣ እነሱን አልወድም። ባህ ውስጥ የግራ እጅ አጃቢ ብቻ አይደለም፣ ሁለተኛ ዘፋኝ ነው። እሱን ከቆረጥክ ውይይቱን ትተህ የአንዱን ሰው ንግግር ብቻ አሰማህ ማለት ነው። የሚቀይር ሰው ምን እንደሚያስቀርና ምን እንደሚያጣ ማወቅ አለበት።

አመለካከት፦ «ፒያኖ የእኛን ቅኝት አይችልም፤ ክራር ደግሞ ድምፁ ልክ አይደለም»

እነዚህ ሁለቱ አብረው ነው የሚመጡት፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰው አፍ። አዲስ ተማሪ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገውን ልንገራችሁ። ነጮቹን ቁልፎች እርሷቸው እለዋለሁ። ጥቁሮቹን እዩ። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ያዝና ወደ ቀኝ አምስት ጥቁር ቁልፍ ተራ በተራ ንካ። በቃ፣ ትዝታ ነው! የልጁ ፊት ሲበራ ማየት አለባችሁ። ቤት ያለ አያት ካለ ደግሞ ከጓዳ ብቅ ይላል።

ይሄ ግን ሙሉው ታሪክ አይደለም። ፒያኖ 12ቱን ድምፆች በእኩል ርቀት ነው የሚያስቀምጣቸው። ክራር ቃኚ አውታሩን በጆሮው ነው የሚወጥረው፣ በተለይ አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት ላይ የሁለት ተጫዋቾች ቅኝት በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል። ይህን «ስህተት» የሚል ሰው የፒያኖውን መለኪያ የተፈጥሮ ሕግ አድርጎት ነው። አውሮፓም ራሷ በፒያኖ ልክ አትዘምርም። ከንጹሑ ሜጀር ሦስተኛ (ለምሳሌ ከሲ እስከ ኢ ካለው ርቀት) ጋር ሲነጻጸር የፒያኖው ከግማሽ ድምፅ 14 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ጥሩ መዘምራን ያለ አጃቢ ሲዘምሩ ወደ ንጹሑ ያዘነብላሉ።

ፒያኖ የማይችለው አንድ ነገር አለ፣ በሁለት ድምፆች መካከል መንሸራተት። ማሲንቆ ይንሸራተታል፣ የሰው ጉሮሮም እንደዚያው። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ያዳመጠ ሰው መፍትሔውን ሰምቷል። እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩ፣ በኋላም ካይሮ ቫዮሊኒስቱ ኮንቶሮዊች ዘንድ የቀጠሉ፣ ከዚያ ግሸን ማርያም መንኩሰው በመጨረሻ ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉ ናቸው። ቀኝ እጃቸው ዋናው ድምፅ ላይ ከመድረሱ በፊት ጎረቤቶቹን ፈጠን አድርጎ ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋል፣ ጆሮ ያንን እንደ መንሸራተት ይቀበለዋል። ምቱም እንደ ሰዓት አይቆጥርም፣ እንደ ትንፋሽ ይረዝማል ያጥራል። የፖላንዳዊው የፒያኖ ደራሲ የሾፐን ጥላም አለበት፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማም አለበት። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም ሙዚቃን የጀመረው በክራር ነው፣ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወደ ሶፊያ ሄዶ ተማረ፣ ዛሬ ሾፐንንና የራሱን ኢትዮጵያዊ ሥራዎች በአንድ መድረክ ያቀርባል። መጀመሪያ ላነሳኋቸው እናት በስልክ መጀመሪያ የነገርኳቸው ይህንኑ ነበር።

አመለካከት፦ «ክላሲካል ለእኛ አገር እንግዳ ነገር ነው»

የአውሮፓ ሙዚቃ አገራችን ከገባ መቶ ዓመት አልፎታል። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የምንላቸው፣ የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለንጉሠ ነገሥቱ መዝሙር ዜማውን ደረሰ፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው።

አመለካከት፦ «ሞዛርት ያዳመጠ ሕፃን ጎበዝ ይሆናል»

እርጉዝ እህቶች ሆዳቸው ላይ ኢርፎን እየለጠፉ ይጠይቁኛል። የወሬው ምንጭ በ1993 የወጣ አጭር ጥናት ነው። የተሞከረው ሕፃናት ላይ አልነበረም፣ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነው። ሞዛርት ካዳመጡ በኋላ ቅርፅን በሐሳብ በሚያገላብጥ ፈተና ላይ ትንሽ ተሻሉ፣ ለውጡም 10 ወይም 15 ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ። ኋላ የመጡ ሙከራዎች ደስ የሚል ሌላ ሙዚቃም ሆነ ጥሩ ተረት ተመሳሳይ ነገር እንደሚያደርግ አሳዩ። ሞዛርትን ስለሚያምር አሰሟቸው። እሹሩሩም ዘምሩላቸው።

አመለካከት፦ «ክላሲካል ሲሰማ ትንፍሽ አይባልም»

ሞዛርት በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ አዲሱ ሲምፎኒው እየተጫወተ መሀል ላይ ሰው እንዳጨበጨበለትና በደስታ ወጥቶ አይስክሬም እንደበላ ይነግረዋል። ዝምታው በኋላ የመጣ ልማድ ነው። ዛሬ አዳራሹ ዝም ካለ ዝም በሉ፣ ግን የእናንተ ልጅ ቤት ውስጥ ሲጫወት እልል ብትሉ ማንንም አልበደላችሁም።

አመለካከት፦ «በኢንተርኔት ሙዚቃ መማር አይቻልም» ወይም በተቃራኒው «ዩቲዩብ ካለ አስተማሪ ምን ያደርጋል»

ዩቲዩብ እጅህን አያይም። ትከሻህ ከፍ ብሎ እንደተወጠረ አይነግርህም። ለመስማት ግን ተወዳዳሪ የለውም፣ ጉልድን ሁለት ጊዜ የማሰማቸው በእሱ ነው።

በቪዲዮ ጥሪ ማስተማር ይቻላል፣ ችግሩን ካወቁት። የስብሰባ መተግበሪያዎች የተሠሩት ለንግግር ነው። ረዘም ብሎ የሚቆይ የፒያኖ ድምፅ የማራገቢያ ጩኸት ይመስላቸውና ያጠፉታል። ቨርጂኒያ ያለች አንዲት ተማሪዬ ኮርዱን ይዛ ትቆያለች፣ እኔ ጋ ግን ድምፁ መሀል ላይ ይጠፋል። ስንት ጊዜ «ለምን ቶሎ ለቀቅሽው» ብዬ ያለ ጥፋቷ ተቆጥቻታለሁ። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ድምፅ ማጥሪያውን አጥፉት። ሌላው ደግሞ መዘግየቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ቨርጂኒያ አብሮ መጫወት አይሞከርም። ስለዚህ አንዳችን ቀድተን እንልካለን፣ ሌላው በላዩ ይጫወታል።

ባለፈው ሳምንት ይህችው ተማሪዬ የሲ ሜጀር ፕሪሉዷን ቀድታ ላከችልኝ፣ በጉኖ ዜማ። ዜማውን የተጫወተው እዚያው አብሯቸው የሚኖረው አጎቷ ነው፣ በማሲንቆ። የማሲንቆው ክልል ስለማይደርስ ከፍ ከፍ የሚሉትን ድምፆች ወደ ታች አውርዷቸዋል። ያቺ ባህ ያልጻፋት ባር ጋ ሲደርሱ እሷ ጣቷን ትንሽ አዘገየች፣ አጎቷ ደግሞ አውታሩ ላይ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ አለፋት።