የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርተኞች ዝውውርና ክፍያ በፍርድ ቤት

በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል (ከእግር ኳስ የተለየው የአሜሪካ ጨዋታ) ቡድኖች ከ100,000 በላይ ተመልካች የሚይዙ ስታዲየሞችን ይሞላሉ፤ ታዋቂ አሠልጣኞቻቸውም በዓመት ሚሊዮኖች ዶላር ይከፈላቸዋል። ተጫዋቾቹ ግን ለአሥርተ ዓመታት ከነፃ ትምህርት፣ ከማደሪያና ከቀለብ ያለፈ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ተከልክለው ኖረዋል። ክልከላውን ያወጣው በ1906 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የተመሠረተው ብሔራዊ የኮሌጅ አትሌቲክስ ማኅበር፣ በምህጻሩ ኤንሲኤኤ ነው። «ተማሪ አትሌት» የሚለው ስያሜም የወጣው በ1950ዎቹ፣ ተጫዋቾች እንደ ሠራተኛ ተቆጥረው የጉዳት ካሳ እንዳይጠይቁ ለመከላከል ነበር። ይህንን ያመነው ማኅበሩን ለብዙ ዘመን የመራው ዋልተር ባየርስ ራሱ ነው።

የክፍያው ሙግት የተጋጋለው በ2009 ነው። የቀድሞው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኤድ ኦባነን እሱን የሚመስል ተጫዋች ያለ ፈቃዱ በቪዲዮ ጌም ውስጥ ገብቶ ስላገኘ ማኅበሩን ከሰሰ። በ2014 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን የማኅበሩ ደንብ የፀረ ሞኖፖል ሕግን እንደሚጥስ ወሰኑ። በሰኔ 2021 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀድሞው የፉትቦል ተጫዋች ሾን አልስተን ስም በሚጠራው ጉዳይ 9 ለ 0 በማኅበሩ ላይ ፈረደ። ውሳኔው ከትምህርት ጋር የተያያዙ ጥቅማ ጥቅሞችን ብቻ የሚመለከት ቢሆንም፣ ዳኛ ካቫኖ ውሳኔውን በደገፉበት ተጨማሪ አስተያየታቸው ማኅበሩ ከሕግ በላይ አለመሆኑን በግልጽ ጻፉ። ከቀናት በኋላ፣ በሐምሌ 1 ቀን፣ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያ ገቢ እንዲያገኙ ተፈቀደ።

የዝውውሩ ደንብ ከክፍያው ክልከላ ያልተናነሰ በደል ነበረበት። በተለይ በፉትቦልና በቅርጫት ኳስ ዩኒቨርሲቲ የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ሙሉ ከውድድር ውጭ ይቀመጥ ነበር። ያስፈረመው አሠልጣኝ ግን ውሉን ትቶ በማግስቱ ሌላ ቡድን መያዝ ይችላል። ማኅበሩ ዓመቱ ለትምህርት ማስተካከያ ነው ይል ነበር፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ከአዲሱ ቡድን ጋር በየቀኑ እንዲለማመድ ይፈቀድለታል፤ የሚከለከለው ጨዋታው ብቻ ነው። ይህ ለጥናት ታስቦ የወጣ ነው ብሎ መቀበል ይከብዳል። በ2021 አንድ ዝውውር ያለ ቅጣት ተፈቀደ፤ ሁለተኛው ግን ልዩ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። በታኅሣሥ 2023 ኦሃዮን ጨምሮ ሰባት ግዛቶች ክስ መሠረቱ፤ በዌስት ቨርጂኒያ የተቀመጡት የፌዴራል ዳኛ ጆን ፕሬስተን ቤይሊም ደንቡን አገዱ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ክሱን ተቀላቀለ፤ ማኅበሩም የአንድ ዓመቱን ቅጣት አነሳ። የትምህርት ውጤቱን ያሟላ ተማሪ አሁን ከአንዴም በላይ መዛወር ይችላል።

ዳኛ ዊልከን በሰኔ 2025 ያጸደቁት፣ በከሳሹ ዋናተኛ ግራንት ሃውስ ስም የሚጠራው የሃውስ ስምምነት ማኅበሩና ትልልቆቹ ሊጎች ከ2016 ወዲህ ለተጫወቱ ስፖርተኞች 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሳ በ10 ዓመት እንዲከፍሉ ያዛል። ዩኒቨርሲቲዎችም በ2025–26 እያንዳንዳቸው እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለተጫዋቾቻቸው እንዲያከፋፍሉ ፈቅዷል። ከካሳው አብዛኛው ለፉትቦልና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ በመመደቡ ሴት ስፖርተኞች የፆታ እኩልነት ሕግን ጠቅሰው ይግባኝ ብለዋል።

ከምሥራቅ አፍሪካ ሄደው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሮጡ የረጅም ርቀት ሯጮችን ጨምሮ፣ በተማሪ ቪዛ የገቡ ስፖርተኞች ግን ከዚህ ገንዘብ ለመጠቀም ይቸገራሉ። ቪዛው ሥራን በጥብቅ ስለሚገድብ፣ አሜሪካዊው የቡድን ጓደኛቸው ያለ ሥጋት የሚፈርመው የማስታወቂያ ውል እነሱን የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል።